ፋርማሲስት ጽሕፈት ፈቺ አይደለም

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን ጽሕፈትን አመስግነዋል። ይሁን እንጂ ይህ ምስጋና የሚገባው ለሚነበብ ጽሕፈት ብቻ ነው። የማይነበብ ጽሕፈት ከተረሳ ቃል ይብሳል። ቃሉን የረሳ ሰው መርሳቱን ስለሚያውቅ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ጽሕፈቱን አሳስቶ ያነበበ ሰው ግን ያወቀ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት በደብዳቤ ላይ ሲደርስ ያስቃል ወይም ያናድዳል። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ሲደርስ ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ኦዴሳ በምትባል ከተማ የሆነው ይህ ነው። የልብ ሕመም ለነበረበት ለአንድ የ42 ዓመት ሰው ሐኪሙ አይሶርዲል የተባለውን መድኃኒት 20 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ እንዲወስድ ያዝለታል። የሐኪሙ የእጅ ጽሕፈት ግን ግልጽ አልነበረምና ፋርማሲስቱ ፕሌንዲል ብሎ አነበበው። ፕሌንዲል ሌላ መድኃኒት፣ ይኸውም የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ በቀን የሚፈቀደውም ከፍተኛ መጠን 10 ሚሊግራም ነው። በየ6 ሰዓቱ 20 ሚሊግራም ማለት በቀን 80 ሚሊግራም፣ ከከፍተኛው መጠን 8 እጥፍ ማለት ነው። በሽተኛው መድኃኒቱን በጀመረ ማግሥት ልቡ በድንገት ታወከ፤ ጥቂት ቀናትም ቆይቶ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ጉዳዩን ያዩት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ለቤተሰቡ 450,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈል ሲወስኑ ጥፋቱን ለሐኪሙና ለፋርማሲስቱ እኩል አካፈሉት።

ይህን ፍርድ ያነበበ ሰው በመጀመሪያ «ጽሕፈቱ የሐኪሙ ሆኖ ሳለ ፋርማሲስቱ ስለ ምን ግማሹን ተሸከመ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ፋርማሲስት ወረቀት አንብቦ ዕቃ ከመደርደሪያ የሚያወርድ ሻጭ አይደለም። በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል የቆመ የመጨረሻ ዘበኛ ነው። «ይህ መጠን ለዚህ መድኃኒት በዝቷል» ብሎ ማስቆም የሱ ሥራ ነው። በዛሬው ጽሑፌ ለማስረዳት የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ማዘዣው ከሐኪሙ ኮምፒዩተር ወደ መድኃኒት ቤቱ ኮምፒዩተር በቀጥታ ሲሄድ፣ ፋርማሲስቱ ከጽሕፈት ፈቺነት ተላቅቆ ወደ ዘበኝነቱ የሚመለስበትን ጊዜ ያገኛል። ጊዜውን ካላገኘ ግን፣ ወይም አግኝቶ ካልተጠቀመበት፣ መሣሪያው ብቻውን አያድነንም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአዲስ አበባ በአንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆሙ አንዲት እናት የታጠፈ ማዘዣ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡ። ወጣቷ ፋርማሲስት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ለባልደረባዋም አሳየችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ መድኃኒቱ ለምንዎ እንደ ሆነ ሐኪሙ ነግረውዎታል?» አለቻቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እዚያው ላይ ተጽፏል ነው ያሉኝ» አሉ። ስልክ ተደወለ፤ የሚያነሣ አልተገኘም። በመጨረሻም ወደ ሐኪም ቤቱ ተመልሰው እንዲያስጽፉ ተነገራቸውና ወረቀቱን እንደገና ቋጥረው ወጡ።

ልጅቱ በግምት ባለመስጠቷ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። ነገር ግን ምን እንደ ባከነ እናስብ። ይህች ወጣት መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር እንደሚጣላ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውና ለነፍሰ ጡር ሴት መጠኑ እንዴት እንደሚለወጥ ለዓመታት ተምራለች። የዚያን ዕለት ግን ዕውቀቷ ሁሉ ያገለገለው አንድን የተጠማዘዘ ፊደል ለመገመት ነው። እናቲቱም የታክሲ ገንዘብና ግማሽ ቀን ከሰሩ፤ ሕመማቸውም አብሯቸው ተመለሰ።

የእጅ ጽሕፈት አደጋው ከሐኪሙ መቸኮል ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የመድኃኒቶቹ ስም ራሱ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ሎሴክ የጨጓራን አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ላሲክስ ደግሞ ከሰውነት ውኃ በሽንት የሚያስወጣ ነው። በእጅ ሲጻፉ እየተምታቱ ስላስቸገሩ ሎሴክ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ስሙ ተለውጦ ፕራይሎሴክ ተባለ። ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ለስኳር በሽተኛ «10 ዩኒት ኢንሱሊን» ለማለት ከ10 ቀጥሎ የምትጻፈው ዩ የተባለችው የላቲን ፊደል አፏ ከተገጠመ ዜሮ ትመስላለች፤ 10 የነበረው 100 ይሆናል። «1.0» ተብሎ የተጻፈውም ነጥቡ ከደበዘዘ 10 ተብሎ ይነበባል። በሌላ ሥራ ላይ አንዲት ነጥብ ብትጠፋ ሒሳብ ይዛባል፤ እዚህ ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው።

እንግዲህ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማዘዝ ማለት ምን ማለት ነው? ሐኪሙ ማዘዣውን በኮምፒዩተር ይሞላል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚለው ሁሉ በየቦታው ይገባል። ከዚያም ማንነቱን በሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ፊርማ ፈርሞ ይልከዋል። ፋርማሲስቱም በራሱ ኮምፒዩተር ይቀበለዋል። ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። በስዊድን አገር ዮንሾፒንግ በተባለች ከተማ የመጀመሪያው ማዘዣ በዚህ መንገድ የተላከው እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሆነን ግን የኤስቶንያ ታሪክ ይመስለኛል። ኤስቶንያ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ፣ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ያህል የሆነ ትንሽ አገር ናት። ከሶቪየት ኅብረት ተለይታ ነፃነቷን የመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ማዘዣዎቿን ወደ አንድ የጋራ መዝገብ አስገባች። በሽተኛው ወረቀት አይዝም፤ በአገሪቱ ውስጥ ወደ ፈለገው መድኃኒት ቤት ገብቶ መታወቂያውን ያሳያል፤ ፋርማሲስቱም ማዘዣውን ከመዝገቡ ያወጣል። የጤና መድን ድርጅቱ የሚከፍለውን ድርሻ መሣሪያው ራሱ ያሰላዋል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ሐኪሙ በሚያዝበት ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መድኃኒቶች ሲገናኙ ማስጠንቀቂያ ይታየዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮም በፊንላንድ የታዘዘ ማዘዣ ባሕር ተሻግሮ በኤስቶንያ መድኃኒት ቤት ውስጥ እየተነበበ መድኃኒት ሊሰጥበት ተችሏል። በአንድ ከተማ ውስጥ ከሐኪም ቤት እስከ መድኃኒት ቤት ሳይነበብ ከቀረው የእናታችን ወረቀት ጋር ይህን ማነጻጸር ነው።

ከዚህ ሁሉ ፋርማሲስቱ የሚያገኘው ጥቅም ምንድር ነው? አንደኛው መነበቡ ነው፤ ይህን ብዙ መተንተን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በተጀመረው አሠራር በሽተኛው የሚገለገልበትን መድኃኒት ቤት አስቀድሞ ይመርጣል፤ ማዘዣውም ከሐኪሙ ዘንድ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ፋርማሲስቱ በሽተኛው ሳይደርስ መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ሊጠብቅ ይችላል። መድኃኒቱ ካለቀበትም ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ያውቃል። ሐኪሙ ሐሳቡን ቢለውጥ ገና ያልተሰጠውን ማዘዣ እዚያው ከጠረጴዛው ሳይነሣ ይሽረዋል። በወር መጨረሻ ደግሞ ፋርማሲስቱ ለሰጠው መድኃኒት ከመንግሥት የሚጠይቀው ሒሳብ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ደምሮ፣ ለይቶ፣ አሥሮ የሚያስቀምጠው የወረቀት ክምር ቀነሰለት ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥቅም በሽተኛውን አስቀድሞ ማወቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በሽታውንና የሚወስደውን መድኃኒት የሚደብቀው ወዶ ሳይሆን ስሙን ስለማያውቀው ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስድ አንድ ሰው አሜባ ይዞት ወደ ሌላ ሐኪም ቢሄድና ሜትሮኒዳዞል ቢታዘዝለት፣ የዋርፋሪኑ ኃይል በርትቶ ደም ሊያፈሰው ይችላል። ፋርማሲስቱ የያዘው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ከሆነ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፊተኛው ማዘዣ በጋራ መዝገብ ውስጥ ካለ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያያል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያስቆመዋል።

አራተኛው የሐሰት ማዘዣ ነገር ነው። ከሐኪም ጠረጴዛ ላይ በተሰረቀ ባዶ ማዘዣ ላይ ጽፎ፣ ወይም 10 የሚለውን 40 አድርጎ ለውጦ፣ ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት ለማውጣት የሚሞክር ሰው በየአገሩ አለ። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ ከማርች 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከጥቂቶች በቀር ማዘዣ ሁሉ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲላክ ያስገደደበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነበር። በወረቀት ዘመን ፋርማሲስቱ ፊርማ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረበት። ማዘዣው ከሐኪሙ በቀጥታ ሲመጣለት ግን በደንበኛው ፊት ላይ ጥርጣሬ የሚያነብበት ምክንያት ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ስላሉ ሐኪሞች የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ የተሻገሩት ሐኪሞች ከመሻገራቸው በፊት በ100 ማዘዣ 42.5 ስሕተት ይገኝባቸው ነበር፤ ከ1 ዓመት በኋላ ወደ 6.6 ወረደ። በወረቀት የቀጠሉት ሐኪሞች ስሕተት ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ እንደ ነበረ ቆየ።

እዚህ ላይ ደርሶ «እንኪያስ መሣሪያውን ገዝተን ማስገባት ነው፤ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔም ብዕሬን እዚህ ላይ ባሳርፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ በኮምፒዩተር ተዘጋጅተው ወደ መድኃኒት ቤቶች የደረሱ 3,850 ማዘዣዎችን አንድ በአንድ መረመረ። ከነዚህ ውስጥ 452ቱ፣ ይኸውም ከመቶ 11.7 ያህሉ፣ ስሕተት ነበረባቸው። አብዛኛው ስሕተት መጻፍ የነበረበት ነገር መቅረቱ ነው፤ ከስሕተቶቹም ከሢሶ የሚበልጠው በሽተኛውን ሊጎዳ የሚችል ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ኮምፒዩተር የፊደልን ቅርጽ ያስተካክላል እንጂ የሰውን ሐሳብ አያስተካክልም። ሐኪሙ ከዝርዝር ውስጥ ሲመርጥ ጣቱ አንድ መሥመር ዝቅ ካለ የጎረቤቱን መድኃኒት ያዝዛል፤ ስሕተቱም ጥርት ባለ ፊደል ተጽፎ ይመጣል። ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሰጥ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወሰደው። «በየሳምንቱ» በሚለው ፈንታ «በየቀኑ» የሚለው ከተመረጠ ማዘዣው እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ በሽተኛውን ግን ሊገድለው ይችላል። እንዲያውም የዚህ ዓይነቱ ስሕተት በአንድ መንገድ ከፊተኛው ይከፋል። የማይነበብ ጽሕፈት አንባቢውን ያስጠነቅቀዋል፤ በመልካም ፊደል የተጻፈ ስሕተት ግን ያምር ይመስል ዝም ብሎ ያልፋል። ማስጠንቀቂያውም ቢሆን ለትንሹም ለትልቁም የሚጮህ ከሆነ ይሰለቻል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ ሌባ የመጣ ዕለት የሚሰማው አያገኝም።

ስለዚህ መሣሪያው ፋርማሲስቱን አይተካም። ከጽሕፈት መፍታት ነፃ ያወጣውና የተማረበትን ሥራ እንዲሠራ ጊዜ ይሰጠዋል። ያ ጊዜ በምን ላይ ይውላል? በሽተኛውን ዓይን ለዓይን እያዩ «መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ነው የሚወስዱት፤ ቢሻልዎም እስከ መጨረሻው ይጨርሱት፤ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ላይ መዋል አለበት። የተረፈው ጊዜ ሠራተኛ ለመቀነስና የተራውን ሰልፍ ለማፋጠን ብቻ ከዋለ፣ ፋርማሲስቱን ከጽሕፈት ፈቺነት አውጥተን የኮምፒዩተር ቁልፍ ተጫኝ አደረግነው እንጂ አላከበርነውም።

በአገራችን የፋርማሲ ሥራ በሕግ እንዲመራ የተደረገው ፋርማሲን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 288 እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ነው። ዛሬም አብዛኛው ማዘዣችን በወረቀት ላይ በእጅ ይጻፋል፤ አንዳንድ ሆስፒታሎች ግን የበሽተኛን መዝገብ በኮምፒዩተር መያዝ ጀምረዋል። ፋርማሲስቶቻችንም የአሠራር ለውጥ ለመምራት የሚያንሱ አይደሉም። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከመጋዘን እስከ በሽተኛው እጅ ድረስ በሒሳብ የሚመረመርበት አሠራር የራሳቸው የባለሙያዎቻችን ሥራ ነው። የሕጉም መሠረት ቢሆን ተጥሏል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። የፈራሚውን ማንነት፣ የበሽተኛውን ማንነትና የበሽተኛውን ምስጢር የሚመለከቱት ሦስቱ ጥያቄዎች ሕግ አላቸው ማለት ነው።

የሚቀረው ሥራው ነው፤ ሥራው ደግሞ የሚወድቀው ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ገና ወንበር በያዙትና ነገ በሚይዙት ወጣቶች ላይ ነው። ለነሱ የምለው ጥቂት ነገር አለኝ። አሠራሩ ሲነደፍ ፋርማሲስቱ ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይቀመጥ፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለሥልጠና ብቻ አይጠራ። ማዘዣው ከሐኪም ወደ ፋርማሲስት የሚወርድ ብቻ ሳይሆን የፋርማሲስቱ ጥያቄ ወደ ሐኪሙ የሚመለስበት መንገድ ይኑረው፤ ያን ዕለት ሳይነሣ የቀረው ስልክ ይታወሰን። በሽተኛው መድኃኒት ቤቱን ራሱ ይምረጥ፤ ሐኪሙ ወይም የመሣሪያው ባለቤት ወደ ወዳጁ ሱቅ የሚመራው አይሁን። የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ መሣሪያው ቢያሳይ፣ ሰው ወረቀት ይዞ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ መንከራተቱ ይቀርለታል። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የሚለጠፈውም መመሪያ በሽተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም የወረቀቱ መንገድ በሥርዓት ተጠብቆ ይቆይ።

እስከዚያው ድረስ ደግሞ ምንም በጀት የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ገና በመማር ላይ ያላችሁ የሕክምና ተማሪዎች ሆይ፣ በጉልህ ጻፉ። የፋርማሲ ተማሪዎችም ሆይ፣ ማዘዣው ቢነበብም ባይነበብም የተጠራጠራችሁትን ሳትጠይቁ አትስጡ። የቴክሳሱ ሰው የሞተው ጽሕፈቱ ስላልተነበበ ብቻ አልነበረም፤ «80 ሚሊግራም በቀን?» ብሎ የጠየቀ ሁለተኛ ሰው ስላልተገኘም ጭምር ነው።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ብርቱ የተባለው ሐኪሙ ቢሆን ወይም ኮምፒዩተሩ፣ ብቻውን አይበቃም። ያች እናት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ወረቀት ሳይቋጥሩ ወደ መድኃኒት ቤቱ የሚገቡበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። የዚያን ቀን ፋርማሲስቷ ወረቀት ወደ ብርሃን በማዞር ፈንታ ቀና ብላ እሳቸውን የምታያቸው ከሆነ፣ መሣሪያው ዋጋውን ከፍሏል ማለት ነው።